ድንኳን ተሸክሞ መሄድ፦ የብዙ ቀን የእግር ጉዞ አንዱ ቀን ምን ይመስላል?

ክረምቱ ሲወጣ የአዲስ አበባ ሰው እግሩን ያፍታታል። እሑድ ገና ሳይነጋ መስቀል አደባባይ አካባቢ ኮስተሮች ይቆማሉ። ትንንሽ ቦርሳ ያነገቡ፣ እንቅልፍ ያልለቀቃቸው ወጣቶች ስማቸው እየተጠራ ይሳፈራሉ። ወንጪ ወይም መናገሻ ሱባ ውለው ማታ ይመለሳሉ። ሰኞ ፎቶው ቴሌግራም ላይ ነው።

አሁን አሁን ግን እዚያው ኮስተር ውስጥ ሌላ ወሬ ይሰማል። «ለምን ድንኳን ይዘን አራት አምስት ቀን አንሄድም?» የሚል። ሐሳቡ ደስ ይላል። ችግሩ ብዙ ሰው ነገሩን የእሑዱ ጉዞ አምስት ጊዜ ሲደጋገም አድርጎ ማሰቡ ነው። እንደዚያ አይደለም። አንዱን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ብንከተለው ልዩነቱ ይገባናል።

ከእሑዱ ሃይኪንግ በምን ይለያል?

በእሑዱ ጉዞ መኪናው የሆነ ቦታ ይጠብቃል። የደከመው ይገባበታል። ዝናብ ቢመታን ማታ ቤት ገብተን ልብስ እንቀይራለን። ባክፓኪንግ የሚባለው ግን መኝታውን፣ ምግቡን፣ ማብሰያውንና ልብሱን በአንድ ቦርሳ አዝሎ መሄድ፣ የደረሱበት ማደር፣ ሲነጋ ድንኳኑን ነቅሎ መቀጠል ነው።

ይህን ለወራት የሚያደርጉ አሉ። አሜሪካ ውስጥ አፓላቺያን ትሬይል የሚባለው መንገድ ከጆርጂያ ተነስቶ ሜይን እስኪደርስ 14 ግዛቶችን ያቋርጣል። ርዝመቱ 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሙሉውን በአንድ ጉዞ ለመጨረስ ከ5 እስከ 7 ወር ይፈጃል። ልጨርሰው ብለው ከሚነሱት የሚሳካለት ከአራቱ አንዱ ያህል ብቻ ነው። በምዕራቡ በኩል ደግሞ ፓሲፊክ ክረስት ትሬይል አለ፤ ከሜክሲኮ ድንበር እስከ ካናዳ ከ4,200 ኪሎ ሜትር በላይ።

እኛ ጋ የሚታወቁት የጥቂት ቀናት መንገዶች ናቸው። ሰሜን ተራሮች፣ ባሌ ተራሮች፣ መንዝ ጓሳ። ለነገሩ ግሸን ማርያም ለመድረስ ስንቁን ቋጥሮ ቀናት በእግሩ የሚሄድ ሰው ላለበት አገር ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። አዲሱ ቦርሳው ነው።

ዋናው ልዩነት ነገ ነው። የእሑዱ ተጓዥ ያለውን ጉልበት ሁሉ ጨርሶ ሰኞን ሶፋ ላይ ሊያሳልፍ ይችላል። የብዙ ቀን ተጓዥ ይህ ዕድል የለውም። ጉልበት እዚህ ጋ እንደ ወር ደመወዝ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የበተነው ሰው ወሩ ሳያልቅ ብድር ፍለጋ ይዞራል፤ ተራራ ላይ ግን አበዳሪ የለም። ከዚህ በታች ያለው ነገር ሁሉ፣ ካልሲ ማድረቅ ሳይቀር፣ ከዚህ ሐሳብ የሚመጣ ነው።

ቦርሳው ስንት ኪሎ ይሁን?

ጀማሪ ቦርሳውን የሚሞላው በፍርሃት ነው። ቢበርደኝስ፣ ቢርበኝስ፣ ቢደብረኝስ እያለ። እያንዳንዱ «ቢ» ደግሞ ኪሎ አለው።

የተለመደው መለኪያ ቦርሳው ከነውሃውና ከነምግቡ ከሰውነት ክብደት 20 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው 13 ኪሎ ያህል ይሸከማል ማለት ነው። ልምድ ያላቸው ተጓዦች ደግሞ «ቤዝ ዌይት» የሚሉት ነገር አላቸው። ምግብ፣ ውሃና ነዳጅ ሳይጨመር ቦርሳው የሚመዝነው ነው። ለብቻው የሚቆጠረው ምክንያት ስላለው ነው። ምግብ በየቀኑ ይቀንሳል፣ ድንኳን ግን እስከ መጨረሻው ያው ነው። ይህ ክብደት ከ9 ኪሎ በታች ከሆነ ቀላል ይባላል። ከ4.5 ኪሎ በታች ያወረዱት ደግሞ የጥርስ ብሩሻቸውን እጀታ የሚቆርጡት ናቸው።

እኔ ብሩሹን ተዉት እላለሁ። ለውጥ የሚመጣው ከሦስቱ ትልልቅ ዕቃዎች ነው፤ ከድንኳኑ፣ ከስሊፒንግ ባጉ (ገብተው ከሚተኙበት የመኝታ ከረጢት) እና ከራሱ ከቦርሳው። መርካቶ ሳልባጅ ተራ የሚገኝ ስሊፒንግ ባግ ርካሽም ሞቃትም ሊሆን ይችላል። ከመግዛት በፊት ግን እዚያው አካባቢ ባለ ሱቅ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ነው። ሦስት ኪሎ ከመጣ ለቤት እንግዳ ይሁን።

አስተሻሸጉም ሥራ ነው። እስከ ማታ የማይፈለገው ስሊፒንግ ባግ ከታች ይገባል። ከባዱ ነገር፣ ማለትም ምግቡና ማብሰያው፣ መሐል ላይ ጀርባን ተጠግቶ ይቀመጣል። የዝናብ ልብስ ከላይ። ከባዱ ዕቃ ወደ ውጭ ከራቀ ቦርሳው ወደ ኋላ ይጎትታል፣ ወገብም ማታ ይመሰክራል።

ከዚያ የወገብ ቀበቶው ይታሰራል። ይህ ቀበቶ ጌጥ አይደለም። አብዛኛውን ክብደት ከትከሻ አውርዶ ዳሌ ላይ የሚያሳርፈው እሱ ነው። ፒያሳ ላይ ትልልቅ ቦርሳ ያነገቡ ሰዎች ቀበቶውን ፈተው ሲያንጠለጥሉት ባየሁ ቁጥር ትከሻቸው ያሳዝነኛል።

ስለ ሸክም የሚያውቅ ሰው ፍለጋም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርዱትን እናቶች አካሄድ ማየት ይበቃል። ወደ ፊት ጎንበስ ብለው፣ እርምጃቸውን አሳጥረው፣ ሳይቸኩሉ ነው። ለእነሱ ግን መዝናኛ ሳይሆን እንጀራ ነው።

ውድ ዕቃ ግዴታ ነው ወይ ለሚል ደግሞ ወይዘሮ ኤማ ጌትዉድ አሉ። በ1955 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በ67 ዓመታቸው አፓላቺያን ትሬይልን ብቻቸውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዱት። የያዙት ራሳቸው የሰፉትን የጨርቅ ከረጢት፣ ብርድ ልብስና ዝናብ መከላከያ የሚሆን የሻወር መጋረጃ ነበር። እግራቸው ላይ ደግሞ ሸራ ጫማ።

በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ይኬዳል?

ጥያቄው በኪሎ ሜትር ከተጠየቀ መልሱ ያሳስታል። ዳገቱ ነው የሚቆጠረው። በ1892፣ ይህም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ዊሊያም ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እስከ ዛሬ የሚሠራበት ቀላል ስሌት አውጥቷል። ለየ5 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት ያዝ። በዚያ ላይ ለየ600 ሜትር ከፍታው ሌላ 1 ሰዓት ጨምር።

እዚሁ እንሞክረው። ከመስቀል አደባባይ ተነስተን፣ በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ አልፈን፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም ብንወጣ 10 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ለርቀቱ 2 ሰዓት። ከፍታው ወደ 700 ሜትር ስለሆነ ለእሱ ከ1 ሰዓት በላይ። ድምሩ ከ3 ሰዓት አለፈ፤ ያውም ዕረፍት ሳይቆጠር፣ ቦርሳውም ሳይከብድ። ጎግል ላይ 10 ኪሎ ሜትር አይቶ «ሁለት ሰዓት ነው» ያለ ሰው አንድ ሰዓት ከየት እንደሚያመጣ እንጃ።

ስለዚህ ሸክም ያለው ጀማሪ ተራራማ ቦታ ላይ በቀን 10 ወይም 12 ኪሎ ሜትር ካቀደ በቂ ነው። አፓላቺያን ላይ ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄዱት እግራቸው በሳምንታት ከጠነከረ በኋላ ነው። ሌላም ጥቅም አላቸው። በሰኔ ሜይን ውስጥ ፀሐይ የምትጠልቀው ከ15 ሰዓት በላይ ቆይታ ነው። እኛ ዓመቱን ሙሉ ያለን 12 ሰዓት ገደማ ብርሃን ነው። ምሽት 12 ሰዓት ላይ ፀሐይ ከገባች ጨለማው ወዲያው ነው፤ ድንግዝግዙ አይቆይም።

ታዲያ ቀኑ እንዴት ያልፋል?

ሰሜን ተራሮችን እንውሰድ። ብዙ ሰው የሚሄድበት መስመር ከሳንቃበር ካምፕ ወደ ግጭ፣ ከግጭ ወደ ጨነቅ ነው። ደባርቅ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ፣ ከፍሎ፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውት ተመድቦ ነው የሚገባው። ከአዲስ አበባ ከመነሳት በፊት ደውሎ የአካባቢውን ጸጥታና የመንገዱን ሁኔታ መጠየቅ ግድ ነው። እዚያ ብዙ ሰው ዕቃውን በበቅሎ ያስጭናል። ይህ ነውር የለውም። እኛ ግን ራሱ የሚሸከመውን ሰው እንከተል።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይነቃል። ከቀኑ ሁሉ ከባዱ ሰዓት ይህ ነው፤ ውጭው ብርድ፣ ውስጡ ሙቀት። ውሃ ይጥዳል። ሻይና ትኩስ ነገር ይቀምሳል። ድንኳኑ ላይ ያደረውን ጤዛ አራግፎ ያጥፈዋል፤ እርጥብ ድንኳን ይከብዳል፣ ማታም አይመችም። ይህ ሁሉ ለጀማሪ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል።

1 ሰዓት ተኩል ላይ መንገድ ይጀምራል። የመጀመሪያው ሰዓት ቀስ ተብሎ ነው። መለኪያው ቀላል ነው፤ እያወሩ መሄድ ካልተቻለ ፍጥነቱ በዝቷል። በየሰዓቱ 5 ወይም 10 ደቂቃ ማረፍ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከተቀመጡ ሰውነት ይቀዘቅዛል፣ መነሳትም ይከብዳል።

መንገዱ አስታ በሚባለው የደጋ ዛፍ መሐል አድርጎ የጅንባር ፏፏቴ ገደል ወደሚታይበት ይወስዳል። ጭላዳዎቹ ሣር እየነጩ ለሰው ብዙም አይጨነቁም። ከዚያ ወደ ጅንባር ወንዝ ይወረዳል። የወረደ ደግሞ መውጣቱ አይቀርም፤ ወደ ግጭ የሚወስደው ዳገት የሚመጣው ሰውየው ከደከመ በኋላ ነው። ጠዋት የሮጠ እዚህ ጋ ይታወቃል።

8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ካምፕ መድረስ ጥሩ ነው። «ገና ብርሃን እያለ ለምን ይቆማል?» ይባል ይሆናል። ሥራው ስላላለቀ ነው። ላብ የነካውን ልብስ ወዲያው መቀየር፣ ድንኳን መትከል፣ ውሃ መቅዳትና ማከም፣ ማብሰል፣ እግርን መፈተሽ፣ ካልሲ ማስጣት አለ። ይህን በጨለማ፣ በቀዘቀዘ ጣት የሞከረ ሰው ሁለተኛ አይደግመውም።

ምን ይበላል?

እዚህ ላይ ፈረንጆቹ በውድ የሚገዙትን ነገር እኛ ከጓዳ እናወጣዋለን። ጥሩ የመንገድ ምግብ ቀላል፣ የማይበላሽና ጉልበት ያለው መሆን አለበት። በሶ ማብሰል እንኳ አይፈልግም፣ በውሃ ይበጠበጣል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ኪስ ውስጥ ይሆናሉ። ድርቆሽ በትንሽ ሙቅ ውሃና በበርበሬ እራት ይሆናል። ቋንጣ አለ። ሽሮ አለ።

ከሁሉም ግን ጭኮን የሚያህል የለም። ምክንያቱ ቅቤው ነው። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ይሰጣል፤ አንድ ግራም ስኳር፣ ዱቄት ወይም ሥጋ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ግን 4 ብቻ። ማለትም ለተሸከሙት ክብደት ከእጥፍ በላይ ይከፍላል። ተሸክሞ ሙሉ ቀን የሚወጣና የሚወርድ ሰው 4,000 ካሎሪ ሊያቃጥል ይችላል። ለአንድ ቀን ከ700 እስከ 900 ግራም ደረቅ ምግብ ይያዛል።

አንድ ነገር ለአውሮፕላን ተጓዥ። ከቦሌ ወደ ጎንደር የሚበር ሰው የካምፕ ጋዝ ሲሊንደር በሻንጣም በእጅም ይዞ መግባት አይችልም። ፓወር ባንክ ደግሞ በእጅ ቦርሳ እንጂ በሚጫን ሻንጣ አይሄድም።

ውሃውስ?

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ለሙሉ ቀን የሚሆነውን ከጠዋቱ መሸከም ከባድ ነው፤ ስለዚህ ቀጣዩ ውሃ የት እንዳለ አስቀድሞ መጠየቅ ራሱ ኪሎ መቀነስ ነው። መንገድ ላይ የሚገኘው ውሃ ንጹሕ ቢመስልም ከላይ ከብት አለ። ጃርዲያን የአዲስ አበባ ሰው በደንብ ያውቀዋል፤ ድንኳን ውስጥ ግን አይመከርም።

አስተማማኙ ማፍላት ነው። ከፍታ ላይ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ አዲስ አበባ ላይ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ከ2,000 ሜትር በላይ ሲሆን መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ መቆየት አለበት። እንደ ውሃ አጋር ያለ ክሎሪን ቀላልና ርካሽ ነው፤ አንዳንድ ጥገኛ ተውሳኮችን ግን በቀላሉ አይገድልም። የደፈረሰ ውሃ ከሆነ መጀመሪያ በንጹሕ ጨርቅ ማጥለል ያስፈልጋል።

የሚያቆመን እግር ነው ወይስ ሳንባ?

ብዙውን ጊዜ እግር ነው፤ ያውም ተረከዝ ላይ ያለች ትንሽ ቦታ። እግር ውሃ የሚቋጥረው ሦስት ነገሮች ሲገናኙ ነው፤ ፍትጊያ፣ ሙቀትና እርጥበት። ከመቋጠሩ በፊት ያቃጥላል። ያቺ ማቃጠል ስትጀምር ቆሞ፣ ጫማ አውልቆ፣ ፕላስተር መለጠፍ አምስት ደቂቃ ይወስዳል። «ጓደኞቼን አላስቆምም» ብሎ የዘለለ ሰው በማግስቱ ሁሉንም ያስቆማል። ይሉኝታ እዚህ ቦታ አያዋጣም።

የጥጥ ካልሲ ላብ ይይዛል፤ የሱፍ ይሻላል። ጫማው ቁልቁለት ላይ የእግር ጣት ከፊቱ እንዳይጋጭ ትንሽ ሰፋ ማለት አለበት። አዲስ ጫማ ይዞ ደባርቅ መሄድ ደግሞ እግርን ለቅጣት መላክ ነው።

ብርድና ከፍታን እንዴት እንወቅ?

ወደ ላይ በወጣን በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይቀንሳል። ግጭ 3,600 ሜትር አካባቢ ነው። ከአዲስ አበባ 8 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል ማለት ነው፤ ሌሊት ውሃ ወደ በረዶ ሊለወጥ ይችላል።

ጋቢ ወዳጆች ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጋቢ ደረቅ እያለ ወደር የለውም። ጥጥ ስለሆነ ግን ሲረጥብ ይከብዳል፣ ሙቀትም አይዝም። የመንዝ ሰው በርኖስ የሚደርበው በከንቱ አይደለም፤ ሱፍ ረጥቦም ቢሆን ያሞቃል። ከሥር ላብ የማይዝ ስስ ልብስ፣ መሐል ላይ ሱፍ ወይም ፍሊስ፣ ከላይ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት፤ ይህ ይበቃል። አንድ ሙሉ ቅያሪ ለመኝታ ብቻ ተለይቶ በፌስታል ታስሮ ይቀመጥ። ቀን ላይ ደግሞ ፀሐይዋ አታታልል፤ ቢበርድም ከፍታው ላይ ቆዳ ቶሎ ይቃጠላል።

የአዲስ አበባ ሰው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሚኖር ከባሕር ዳርቻ ከመጣ ሰው ይሻላል። ይህ ግን ዋስትና አይደለም። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ግጭ ላይ ሁለት ሦስተኛ ይጠጋል። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆን የሚታደርበትን ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር ይመከራል።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ማዞር፤ እነዚህ ከተሰሙ ወደ ላይ መቀጠል የለም። ካልተሻለ መውረድ ነው። ቆሞ ሳለ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ እየተንገዳገደ የሚሄድ ወይም የሚያወራው የተምታታበት ሰው ካለ ሌሊትም ቢሆን ብቻውን ሳይለቁት ወዲያው ይወርዳል። ጎበዝ ስፖርተኛ መሆን ከዚህ አያድንም።

ስለ መጸዳጃ በአጭሩ። ካምፑ መጸዳጃ ቤት ካለው እሱን መጠቀም ነው። ከሌለ ከውሃና ከመንገድ 60 ሜትር ያህል ርቆ፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ቆፍሮ፣ መልሶ መሸፈን። ፌስታልና ሶፍት ከባለቤቱ ጋር ወደ ከተማ ይመለሳሉ።

ከአዲስ አበባ ሳይወጡ መሞከር ይቻላል?

ይቻላል። ፒያሳና አራት ኪሎ በኮሪደር ልማቱ የሰፉት የእግረኛ መንገዶች ለመነሻ ጥሩ ናቸው። ሜዳና ለስላሳ ስለሆኑ ግን ለተራራ አያዘጋጁም። የሚያዘጋጀው ዳገትና ደረጃ ነው።

ቅዳሜ ቦርሳውን ለእውነተኛ ጉዞ እንደሚታሸገው ማሸግ፣ መመዘንና ከመስቀል አደባባይ በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ ማርያም መውጣት። ሰዓቱን ከኔይስሚዝ ስሌት ጋር ማስተያየት። ሲመለሱ ታክሲ አለመያዝ፤ የጉልበት መገጣጠሚያ የሚፈተነው ቁልቁለት ላይ ነው። እሑድ ጠዋት ደግሞ ያንኑ ቦርሳ አዝሎ እንደገና መውጣት። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ቀን ይወጣዋል፤ መረጃ የሚሰጠው ሁለተኛው ነው። ያመመው ቦታ ትከሻ ከሆነ ቀበቶው ይስተካከላል። ተረከዝ ከሆነ ጫማው ወይም ካልሲው ይቀየራል። ጉልበት ከሆነ ግን የደባርቁን ቲኬት ከመቁረጥ በፊት ሐኪም ጋ መሄድ ይቀድማል።